የአያትን ጠመንጃ ለቦሌ ሳሎን ማሳመር

የአያትዎ ጠመንጃ ከአገር ቤት መጣልዎት እንበል። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። እንዲህ ያለ ነገር ሰሚት በሚገኘው ቪላዎ፣ ከነጩ ሶፋ በላይ እንዲሁ አይሰቀልም፤ መሠልጠን አለበት። እኔ ገርጂ አንድ ዘመዴ ቤት ሥራውን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ቆሜ ስላየሁ፣ ያየሁትን ሳልሰስት አካፍልዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት ስሙን አይጠይቁ። ስም ያወቀ ሰው እጁ ይያዛል። «ውጅግራ ነው» ካሉዎት ነገር ይመዘዛል፤ ቃሉ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፣ ግራ የተባለው መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣው ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ በየተኩሱ አንድ ጥይት የሚጎርስ መሣሪያ ነው፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምቷል። ይህን ሰምቶ የብርጭቆ ወረቀት የሚያነሣ ጀግና አላየሁም። ቤልጅግ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ዘውድና አንበሳ ሊያገኙ ይችላሉ። አይደንግጡ። ግራይንደር ላይ በጨርቅ ቢወለወል አንበሳው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ድመት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መስታወት ይሆናል።

ስለ ፈቃድ የሚያነሣ እንግዳ ከመጣ ቡና ይቅዱለት። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከሳሎን ጌጥ ጋር ምን አገናኘው?

አሁን ወደ ሰደፉ። ዋናው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ። የዘመዴ ውጅግራ አንገቱ ላይ፣ ከቃታው ኋላ ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ተሰብሮ ነበር። አያቱ እርጥብ የበሬ ቁርበት ጠቅልለው፣ በጠፍር ሰፍተው፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውታል። ቁርበት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ስብራቱን እንደ ወጌሻ እጅ ጨምድዶ ይይዛል። ስፌቱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጫፍ ላይ ጥርስ ያረፈበት ይመስላል፣ መሐሉ በመዳፍ ላብ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በቢላ ቀድደው ይጣሉት። ግራና ቀኝ የተመቱትን የናስ ምስማሮችም በጉጠት ይንቀሉ።

ከዚህ በኋላ አሮጌው ሰደፍ እንዳለ ይወገድ ዘንድ ይዘዙ። የፈረንሳይ ዋልነት እንጨት ነው የሚል ቢመጣ፣ እርስዎ «እንጨት እንጨት ነው» ይበሉ። አዲሱን ለመሥራት ወደ አልጋና ቁም ሣጥን ሠሪ ይሂዱ እንጂ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው አይፈልጉ። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ለመሮ ይመቻል፣ ግን ለእርስዎ ቀላል ይሆንብዎታል። ወይራ ይሻላል፤ ከባድ ነው፣ ዋጋውም ለእንግዳ ይነገራል። እርጥቡን ይግዙ። ለመድረቅ ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ ነው፤ በጥር ፀሐይ ተሰንጥቆ ሲያገኙት «ዲዛይን ነው» ይላሉ። የእንጨቱ መስመር ደግሞ በአንገቱ በኩል አግድም ይለፍ። ቁመቱን ተከትሎ ካለፈ ሰደፉ ይጠነክራል፣ መጠንከር ደግሞ ለሶፋ በላይ ጌጥ ምን ያደርጋል?

ቅባትን በተመለከተ፣ የጥንት ሠራተኞች የተልባ ዘይት ያጠጡ ነበር፤ እያሹ፣ እያደረቁ፣ ደግሞ እያሹ። ተልባ ለጾም ይቀመጥ። እርስዎ የበር ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ይደርቡ፣ የአምፖሉ ብርሃን ፊትዎ ላይ እስኪመለስ ድረስ። ጠመንጃው ለግድግዳው ከረዘመም ይቆረጥ። ግድግዳ ከሚረዝም አፈሙዝ ቢያጥር ይረክሳል።

ዘመዴ ሁሉንም እንዲህ አደረገ። ውጤቱ የሎቢ ጃንጥላ ማስቀመጫ ቢመስልም ቤተሰቡ ወደደው። ለልጁ ሰርግ ከመንዝ የመጡ አጎቱ ግን ለሽለላ ብለው ከግድግዳው አወረዱት። በቀኝ እጃቸው አንገቱን ያዙና አውራ ጣታቸው ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ ስፌቱን እየፈለገች ነው። ብርሃን ወዳለበት ዞር አድርገው አዩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአባትዎ፣ ጋሼ።»

«አይደለም» ብለው መልሰው ሰቀሉት። ያን ቀን ሽለላ አልነበረም።

እርስዎ ግን ቁርበቱን ገና ካልጣሉት፣ እባክዎ ያስቀምጡልን።