ዘር ከሆነማ ገበሬውን ጠይቅ

ካፌው ቴሌቪዥን ላይ የ10,000 ሜትር ሩጫ ነው። የእኛዋ ልጅ ዙሩን ስታከርረው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠረጴዛውን ደበደበና «ዘር ነው! ሩጫ ደማችን ውስጥ ነው!» አለ።

ዘር ከሆነማ ገበሬውን ጠይቅ፣ ወንድሜ። ከአንድ ጎተራ የወጣ ስንዴ እኩሌታው ጥቁር አፈር ላይ፣ እኩሌታው ጭንጫ ላይ ይዘራ። ዘሩ ያው ነው፤ አዝመራው ግን አይገናኝም።

«ታዲያ ለምን ከእኛ ብቻ ይወጣል?»

ከእኛ ስትል ከየትኛችን? ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፤ አራቱም የበቆጂና የዙሪያዋ ልጆች ናቸው። አንዲት የአርሲ ከተማ! ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል መምህር ልጆቿን ዓመት ከዓመት ሰብስቦ አሠለጠነ።

«እንግዲያው የበቆጂ ደም ነዋ!»

የደራርቱ እናትና አያትስ የማን ደም ነበራቸው? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ኢትዮጵያዊት ሴት የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ፣ በ1992። በ32 ዓመት ደም አይለወጥም፤ ለሴት ልጅ የተከፈተው በር ነው የተለወጠው። በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ደግሞ አንድም ሜዳሊያ አላመጣንም። ደማችን ደርቆ ነበር? ኦሎምፒኩን ረግጠን ቀርተን ነው እንጂ!

ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ወጣት ይህን ሰምቶ ደስ አለው። «ልክ ነው! ሁሉም በጥረት ነው። የፈለገ ሁሉ ቀነኒሳ ይሆናል!»

አንተም ቆይ። ገብስ ዘርቶ ስንዴ ያጨደ ገበሬ አይተሃል? በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው አሠልጣኝ ስር የሮጠው ልጅ ስንት ነው! ቀነኒሳ ግን አንድ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ፣ ሂሞግሎቢናቸው ቆላ ካለው ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዲስ ተራሮች ግን የነዋሪው ደም በዚያ ከፍታ ይወፍራል። ሰውነት የወረሰው ነገር አለው። ተመራማሪዎች የሯጮቻችንን ዘረመል ሲመረምሩ ያላገኙት፣ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ አንድ ዘረመል ነው። ስለዚህ ዘሩንም አትካድ፣ መሬቱንም አትርሳ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «ደም ነው» ስትል ያመሰገንካት ይመስልሃል፤ ጎሕ ሳይቀድ የተነሣችበትን ጠዋት ሁሉ ግን ነጠቅካት። ደግሞ ይህ አነጋገር ሩጫ ላይ አይቆምም። ነገ ሌላዋን ልጅ «የእናንተ ቤት ይህን አያውቅበትም» ብሎ ያስቀምጣታል።

ሰውዬው ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መለሰ። «እውነት ለመናገር» አለ፣ «ትንሿ ልጄ እኔን ወጥታ ሒሳብ አይገባትም።»

መጽሐፉስ አላት?

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረው። «ለሦስት ልጅ አንድ ነው የሰጧቸው» አለ። «እሷ ጋ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው።»