ለጣቶቼ የምከፍለው ጉቦ

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ሁለት ጊዜ ነው ከሰው ጋር የሚተዋወቀው። መጀመሪያ «ጊታር ትጫወታለህ አሉ» ይባላል፤ ፊታቸው ይፈካል። «ቤዝ ነው» ብሎ ሲያርም ፈገግታው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፤ ትውውቁም እንደገና ይጀመራል። መሣሪያውን ያዩት ዕለት ደግሞ ክር ይቆጥራሉ፤ አራት ብቻ ነው። «ሁለቱ ተበጥሰውብህ ነው?» አለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ከልቧ አዝና። ሌላው «አይዞህ፣ ስትለማመድ ስድስቱን ይሰጡሃል» ብሎኛል።

አልከፋኝም። ቶሎ የሚከፋው ሰው ቤዝ አይጫወትም። ባንድ ውስጥ የእኛ ቦታ ሠርግ ቤት ወጥ የምትሠራው ሴት ቦታ ነው። ድምፃዊው ሙሽራ ነው፤ ሊድ ጊታሩ ከካሜራው ፊት የማይጠፋው ሚዜ፤ ድራመሩ የመኪና ጥሩምባ የሚያስነፋው። ወጥ ሠሪዋ ጓሮ፣ ጭስ ውስጥ ናት። ማንም አያያትም፤ ወጡ ያልደረሰ ዕለት ግን ሠርገኛው በሙሉ አንገቱን ወደ ጓሮ ያዞራል። ቤዝም እያለ አይሰማም፤ ሲያቆም ነው «ምን ጎደለ?» የሚባለው።

ባለመሰማቱ ደግሞ ጥፋቱ የአድማጩ ብቻ አይደለም። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ የእኔ መኝታ ቤት ግማሹን እንኳ አያስተናግድም። እንዲህ ያለውን ድምፅ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አያቆመውም። ስለዚህ ቤዜን ከእኔ አጥርተው የሚሰሙት ከታች ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ በትሕትና፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ የሚያጉረመርመው ፍሪጅህ ነው? አሠራው እንጂ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ አሠራዋለሁ» አልኩ። ምን ልበል? ሌላው ሕዝብ ደግሞ ሙዚቃ የሚሰማው በስልኩ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያን ያህል የወረደ ድምፅ ማውጣት አይሆንላትም። እንግዲህ ጎረቤቴ ሳይፈልጉ ይሰሙኛል፤ አድማጬ ፈልጎም አይሰማኝም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ሰው ሊዮ ፌንደር ይባላል። ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ከዚያ በፊት ሙያው የሒሳብ ሥራ ነው። በዘመኑ ቤዝ ማለት ቁመቱ ሰው የሚበልጥ፣ ቆመው የሚያቅፉት፣ መኪና ላይ ለመጫን ጫኝና አውራጅ የሚያስጠራ ኮንትራባስ ነበር። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲሽን ቤዝ» ብሎ ያወጣው መሣሪያ እንደ ጊታር የሚታነገት ነው። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረውበታልና ጣት ትንሽ ቢስትም ድምፁ አይስትም፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። የሚገርመው ሰውየው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይህን ሳውቅ ትልቅ መጽናኛ ሆነልኝ። ለዕቃ ያለህ ፍቅር ከችሎታህ ይበልጣል ለሚሉኝ ሁሉ «ሊዮም እንዲያ ነበር» እያልኩ መልስ መስጠት ጀመርኩ። ባለቤቴ ግን «እሱ ይሸጥ ነበር፤ አንተ ትገዛለህ» ብላ ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው።

እውነቷን ነው፤ የዕቃ ፍቅር በሽታ ነው። የሚጀምረው በገመድ ነው። ድምፁ ጥሩ አልመጣም፣ ገመዱ ይሆናል። ገመዱ ተቀየረ፣ ድምፁ ያው ነው፤ እንግዲያው ድምፅ ማጉያው አምፕ ነው። አምፑ ከተቀየረ በኋላ በእግር እየተረገጠ ድምፅ የሚቀይረው ፔዳል ይመጣል። ጣት ላይ ምርመራ የሚያካሂድ የለም።

ቤታችን ውስጥ ትልቁን ጉባኤ ያስነሣው ኮምፕሬሰሩ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቴ፣ መዳፍ የማትሞላዋን ብረት እያገላበጠች።

«ኮምፕሬሰር።»

«የፍሪጁ?»

«የቤዝ ነው። ጠንክሬ የመታሁትን ዝቅ፣ በስሱ የነካሁትን ከፍ እያደረገ እኩል ያደርገዋል።»

«እስቲ አሰማኝ።»

አጥፍቼ አሰማኋት። አብርቼ አሰማኋት።

«ልዩነቱ አልተሰማኝም።»

«እንዳይሰማ ሆኖ ነው የተሠራው። ከተሰማ አበዛሁት ማለት ነው።»

ትንሽ አየችኝ። «እና በማይሰማ መሣሪያ ላይ የማይሰማ ዕቃ ጨመርክበት» አለችና ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ቤዝን በተመለከተ ከዚህ የተሻለ የዕቃ ግምገማ አላነበብኩም።

ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ራሱ አንድ ወግ ይወጣዋል። የኔ ቢጤው ሱቅ ገብቶ መርጦ አይገዛም፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ እንደሚመጣ የሰማሁ ዕለት ደወልኩ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ብርዱ በሰፊው ጠየቅኩ። እሱም ልምድ አለውና «በል ዕቃውን ተናገር» አለኝ።

«አንድ ቤዝ ብቻ ነው።»

«ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«አራት ኪሎ።»

«ከነቦርሳውስ?»

«ስድስት ኪሎ።»

«አንተ ልጅ፣ ክብደት ነው የጠየቅኩህ፤ የታክሲ መሥመር አይደለም!»

ቤዙን ግን አመጣልኝ፤ የእናቱ ጫማና የስንት ሰው ቫይታሚን በእሱ ምክንያት ቀረ። አምፕ ላምጣ ቢለኝ ኖሮ እምቢ እለው ነበር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አምፑን ከመቃጠል ለማዳን የሚገዛው ትራንስፎርመር ከአምፑ ይከብዳል። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው።

ክር ሌላው ራስ ምታት ነው። የቤዝ ክር በመሐሉ ቀጥ ያለ ብረት፣ በዙሪያው ድርብርብ የተጠመጠመ ሽቦ አለው። በጥምጥሙ መሐል ላብና ቅባት፣ የጣት ቆዳም ሳይቀር እየገባ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ክሩ ይሞታል፤ ካርቶን የመታችሁ ያህል ይሰማል። የአራት ክር ዋጋ የሚያስደነግጠው ሰው ታዲያ መድኃኒቱን ያውቃል፤ ክሩን አውልቆ፣ ጠቅልሎ መቀቀል። ውኃው ሲንተከተክ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩታል፣ ዝገት ሳይቀድም አውጥተው በደረቅ ጨርቅ እስኪሞቅ ይወለውሉታል። ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ይጮኻል።

ይህን ቅዳሜ ጠዋት ሳካሂድ አማቴ ደረሱ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ የድስቱን ክዳን ከፈቱ።

«ፓስታ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ክር ነው።»

«የምን ክር?»

«የጊታር።»

ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱና «እንግዲህ ይብሰል» አሉ። ለልጃቸው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲመጡ ምግብ ቋጥረው ነው።

ክሩ ሲያገግም ደግሞ አንገቱ ይታመማል። እንጨት ነውና የክረምቱን እርጥበትና የበጋውን ድርቀት እኩል አይቀበልም፤ አንዱ ሲመጣ ወዲህ፣ ሌላው ሲመጣ ወዲያ ይለምጣል። ውስጡ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ፤ በቁልፍ አጥብቀው ወይ አላልተው ያቀኑታል። ክሩ ከመጠን በላይ ወደ ፍሬቱ የቀረበ እንደሆነ ግን በተነካ ቁጥር ዝዝዝ ይላል። የዓለም ቤዝ ተጫዋች ይህን ዝዝታ ለማጥፋት የማያወጣው ገንዘብ የለም። አባቶቻችን ግን በገና ላይ ይህንኑ ድምፅ ሆን ብለው ነው ያመጡት። በዐሥሩ ክሮችና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ በጾም ወራት ሆድን የሚያባባው ያ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ቤዜ ዝዝ ባለ ቁጥር «በገናዊ ቅላጼ ነው» እላለሁ። ድራመራችን ግን «በገናህን አስተካክልና እንጀምር» ይላል።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ሰው ልምጣ። ጄምስ ጄመርሰን ይባላል፤ ዲትሮይት ውስጥ በሞታውን ስቱዲዮ ለሱፕሪምስ፣ ለቴምፕቴሽንስ፣ ለማርቪን ጌይና ለስቲቪ ወንደር ቤዝ የመታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1962 ሥሪት ፕሪሲሽን ነበረችው። ክር አይቀይርም ነበር፤ የሚቀይረው ሲበጠስ ብቻ ነው። አልቀቀለም፣ አልወለወለም፤ ድምፁ ያለው እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ነው ባይ ነበር። ከቀኝ እጁም የሚሠራው አመልካች ጣቱ ብቻ ስለነበር ጣቱን «መንጠቆው» አሉት። በዚያች በአንዲት ጣት ዓለምን ሲያስጨፍር ኖሮ፣ ስሙ በሞታውን ሸክላ ሽፋን ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1971፣ በማርቪን ጌይ አልበም ነው። እኔ ባለብዙ ፔዳሉ ይህን ሳነብ ፔዳሎቼን በጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ እንዳይሰሙ።

ለዚህ ደግሞ ዲትሮይት መሄድ አያስፈልግም። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አንድ ጊዜ ድምፃዊውን ትታችሁ፣ ከሥር ያለውን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ተከትላችሁ ስሙት። ወይም አድማስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ ባሳተመው ሸክላ ላይ ሄኖክ ተመስገንን። የችክችካ ምት ስድስት እየቆጠረ ሲጋልብ፣ ቤዙ የትኛው ላይ እንደሚረግጥና የትኛውን እንደሚዘል መምረጥ አለበት። ያንን የሚመርጥ ፔዳል እስካሁን ለገበያ አልወጣም፤ ቢወጣ እሰማ ነበር።

«ታዲያ ይህን እያወቅክ ለምን ትገዛለህ?» የባለቤቴ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ፖል ማካርትኒን ምስክር ቆጠርኩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ ሆፍነር ቤዝ ገዛ። ፌንደር ውድ ነበረበት። ሆፍነሩ ደግሞ የቫዮሊን ቅርጽ ስላለው ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ እንደ እሱ ላለ ግራኝ ሲገለበጥ አያስቅም። ልብ በሉ፤ ያ ታላቅ ሰው የመረጠው በዋጋና በመልክ ነው፣ እንደ ማንኛችንም! ቤዙ እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰረቀ፤ ፈላጊ ተሰማርቶለት ወደ እጁ መመለሱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሺህ ቤዝ መግዛት የሚችል ሰው ያችኑ ነው የፈለገው። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «አየህ? እሱ አንዷን ሃምሳ ዓመት ይፈልጋል፤ አንተ ያለችህን ትተህ ሌላ ትፈልጋለህ» አለች። የቆጠርኩት ምስክር ለእሷ መሰከረ።

ዳኛ ቢጠይቀኝ ግን የምሰጠው ቃል ይኼ ነው። ዕቃ ድምፅ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ጄመርሰን በአንዲት ጣት አስተምሮኛል። ነገር ግን ጣቶቼ ቢሮ ሲተይቡ ውለው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ ደክመው ነው የሚገቡት። በባዶ እጅ «ኑ እንለማመድ» ብላቸው ሶፋው ላይ ይቀራሉ። አዲስ ክር የገባ ሰሞን፣ አዲስ ፔዳል የተሰካ ሰሞን ግን ራት ሳይበሉ ይነሣሉ፤ ቁልፍ ሲነካኩ፣ «እስቲ በዚህ ደግሞ» ሲሉ፣ ሳያውቁት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስኬል ይመታሉ። የሚሻሻለው ድምፅ ከዚያ ሁለት ሰዓት የመጣ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ፔዳሉ ነው። እኔ እንግዲህ ዕቃ አልገዛም፤ ለጣቶቼ ጉቦ እከፍላለሁ። ጉቦ መጥፎ መሆኑን አላጣሁትም፤ ጉዳይ ግን ይፈጽማል።

ይህን መከላከያ ባሰማሁበት ምሽት ባለቤቴ ዝም ስላለች፣ የረታሁ መስሎኝ ቀጣዩን ጉቦ አነሣሁ፤ ፍሬት የሌለው ቤዝ። ለምን እንደሚያስፈልገኝ ለማስረዳት የቤዝ ተጫዋቹን የጃኮ ፓስቶሪየስን ታሪክ በሰፊው አወጋኋት። ፌንደር ጃዝ ቤዙ ፍሬቶቹ ተነቅለው፣ የተነቀሉበት ስንጥቅ ተደፍኖ፣ አንገቱ ጀልባ በሚቀባበት ኢፖክሲ እንደተለበጠ፤ ከዚያ በኋላ ቤዙ እንደ ሰው ማንጎራጎር እንደጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው አልበም የቤዝ ተጫዋቹን ሁሉ አፍ እንዳስከፈተ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። እንዲያውም ጥያቄ ጠየቀች።

«ፍሬቱ የተነቀለው ከዚያው ከነበረው ቤዝ ላይ ነው?»

«አዎ!» አልኩ፣ በደስታ።

«ሌላ አልተገዛም?»

«አልተገዛም።»

«ጥሩ» አለች፤ «ፒንሳው መሳቢያ ውስጥ ነው።»