ባሮ ዳር ባጃጅ ሲታጠብ

ጋምቤላ ላይ በእግር መንሸራሸርን ያመጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ሙቀቱን አሸክመው ነበር። ከጎሬ ደጋ የወረደ ሰው እዚህ ከጥላ ወደ ጥላ ይሸሻል እንጂ አይንሸራሸርም። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ ሐኪሙ ይራመዱ ብሏል እኮ» ትለኛለች። ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ ሆኖ፣ ሹራብ ለብሶ ነው!

እሺ፣ ወረድን። ይህ ባሮ እኮ እንዲህ ዝም ብሎ የሚፈስ ወንዝ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በዚሁ ወንዝ ዳር ፈቀዱ፤ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተብሎ። እኔና ጎረቤቴ በግማሽ ክንድ አጥር ይኸው እስከ ዛሬ እንካሰሳለን፤ እነሱ 400 ሄክታር በአንድ ወረቀት ጨረሱ።

ያኔ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቡ፣ ስቲመሩ፣ ከካርቱም ተነስቶ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ሽቅብ ይመጣ ነበር። ጨውና አቡጀዲ አራግፎ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ከጎሬ ያንን ቁልቁለት ይወርድ ነበር። ቡናውን የሚገዛው ግሪካዊ ነጋዴ ሲመዝን ሚዛኑን በትንሽ ጣቱ ከሥር ደገፍ ያደርጋል። አባቴ ያያል፤ ምን ያድርግ፣ ቡና ተሸክሞ ዳገት አይወጣ! ያቺን ጣት እስኪሞት ድረስ ሲያማት ኖረ።

በ1948 ሱዳን ነጻ ወጣች። ውሉ ሱዳን በእንግሊዞቹ እጅ እስካለች ድረስ ይል ነበርና የእነሱም ነገር በዚያው አበቃ። መሬታችን ተመለሰ፣ እሰየው! ግን እንግሊዙ ይሂድ፤ ስቲመሩን ማን ሂድ አለው? ቡናው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ዞረ፣ ከተማውም ለወንዙ ጀርባውን ሰጠ። ያልከዱት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው፤ ዛሬም ከግንድ በተቦረቦረ ታንኳ ቆመው ይቀዝፋሉ። እኔ እዚያ ላይ ብቆም ተገልብጬ የአዞ ምሳ ነኝ።

ዳሩ ላይ ታዲያ ምን አየሁ? ባጃጅ ይታጠባል! ሰማያዊ ባጃጅ እስከ ጎማዋ ውኃ ገብታ፣ ልጁ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ዘፈኑን ለቆ፣ በኦሞ አረፋ ያሻታል።

«ልጄ፣ እዚህ እኮ መርከብ ይቆም ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ ወንዙን አየና «ከየት የት ነበር የሚጭነው?» አለኝ።

«ካርቱም።»

«ኧረ አባባ፣ በዚህ የቤንዚን ዋጋ! ይልቅ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ፣ አረፋው እንዳይነካዎት።»

የልጅ ልጄ በሳቅ ሞተች። ዳገቱን መቼም በእግሬ አልወጣውም፤ ሐኪሙም ስለ ዳገት ያለው ነገር የለም። በዚያችው ባጃጅ፣ እርጥብ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተመለስን። ልጁ ደግሞ ሳያፍር የእንግዳ ሒሳብ ጠየቀኝ።