ዝገቱን እንዳትነኩት!

ጠመንጃ ጠመንጃነቱ የሚያበቃው መቼ ነው? የአሜሪካ ሕግ ይህን ጥያቄ ከፈታው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1968 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እንደሚለው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ነፍጥ «ጥንታዊ ዕቃ» እንጂ ጠመንጃ አይደለም። እንደ አያት ጀበና በጨርቅ ተጠቅልሎ በፖስታ ቢላክ የፌዴራል መንግሥት ቅር አይለውም። በ1899 መባቻ ከዚያው ፋብሪካ፣ ከዚያው ባለሙያ እጅ የወጣው ታናሽ ወንድሙ ግን ሙሉ ጠመንጃ ነው፤ ቅጽ ይሞላለታል፣ ፈቃድ ይጠየቅለታል። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። ታላቅየው ግን የሚገድለው በቅርስነት ነው።

የዚህን ሕግ ጥበብ ከዳኞችም ከፖሊሶችም በላይ የተረዱት ሰብሳቢዎች ናቸው። ፊንላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሮጌ ሩሲያ ሠራሽ ሞሲን ናጋንት አካል እየወሰደች አዲስ ጠመንጃ ትገጣጥም ነበር። ሰብሳቢው ይህ ጠመንጃ እጁ ሲገባ አፈሙዙንም ቃታውንም አያይም፤ እንጨቱን ፈትቶ የብረቱን ጅራት ሥር ይመረምራል፤ በቅሎ ሊገዛ ጥርሷን እንደሚቆጥር ነጋዴ። እዚያ የታተመው ዓመት ከ1898 ካልበለጠ፣ በ1940ዎቹ ውጊያ የዋለው መሣሪያ ዓይን ሳይጨፈን «ጥንታዊ» ይሆንና ዋጋው ይወጣል። እንጨቱና አፈሙዙ ከአርባ ዓመት በኋላ የተጨመረ መሆኑ ማንንም አያሳስብም። ሽማግሌ የሚያሰኘው ጅራቱ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መና ወርዶላቸዋል። የወረደው ከኢትዮጵያ ነው። በኢትዮጵያ መጋዘኖች ተከማችቶ የኖረውን አሮጌ ነፍጥ አሜሪካውያን አስመጪዎች በብዛት ገዝተው አገራቸው አስገቡት። የፈረንሳይ ግራ፣ የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ ሌላም ሌላም። ፈረንጅ «ፊዚ ግራ» ያለውን «ውጅግራ»፣ ስናይደርን «ሰናድር»፣ ማንሊከርን «ምንሽር» ብሎ ክርስትና ያነሳው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። አሁን የክርስትና ልጆቹ ውቅያኖስ ተሻግረው በብዙ መቶ ዶላር ይቸበቸባሉ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ ቢሆን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጌጡ ነው። ደንበኛው ጥቂት ከጨመረ ደግሞ ከክምሩ ውስጥ ደህና ደህናውን የሚመርጥለት ሰው አለ። መርካቶ ቲማቲም የምትመርጥ ባልቴት ለዚህ አገልግሎት ገንዘብ መጠየቅ እንደሚቻል እስካሁን አልነገሯትም።

የንግዱን ውበት ለማጣጣም ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። ግራ በ1874 የፈረንሳይ ጦር ዋና መሣሪያ ሆነ። በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጎርሰው ሌቤል ሲመጣ ጡረታ ወጣ። አውሮፓ በዚያ ዘመን ጡረተኛ ብረቷን የምትጦረው ቀይ ባሕር አጠገብ ነበር። ግጥሙን ትቶ ንግድ የጀመረው አርተር ራምቦ በ1885 ላባቱ ከተባለ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ሊያደርስ ታጁራ ላይ ከረመ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የሸቀጡን ምንነት አልሸሸገም፦ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ጠመንጃዎች ነበሩ። ለምኒልክ የሚሸጡት 40 ፍራንክ ገደማ ነው። በ1887 ሸዋ ሲደርስ ላባቱ ሞቷል። ምኒልክም ዋጋውን ቀንሰው፣ የሟቹን ዕዳ ከሂሳቡ ቆርጠው አሰናበቱት። ባለቅኔው ከሰረ። ሐረር ላይ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው በነጋዴነቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ራምቦን ያከሰረው የምኒልክ ክርክር ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫም ነው። ያንኑ ጭነት 130 ዓመት ያህል አቆይቶ፣ ግመሎቹን ወደ መጡበት አዙሮ፣ ሰደፉ ላይ ጥቂት ጠፍር አስጠምጥሞ ቢሸጠው ኖሮ ለወራሾቹ ግጥሙ ካስገባላቸው የበለጠ ሳያስገባላቸው አይቀርም። አሮጌ ብለው የላኩት ያኔ አትራፊ ሆኑ፤ አሮጌ ብለው የሚያስመልሱትም አሁን አትራፊ ናቸው። መሐል ላይ ሆኖ ጠመንጃውን ለመጠቀም ሲል የገዛው ሞኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጠመንጃው ገዢው ቤት ሲገባ ሥርዓተ አምልኮው ይጀመራል። የመጀመሪያው ትእዛዝ «አትወልውል» የሚል ነው። ብረቱ ላይ የተጋገረው ቡናማ ነገር ዝገት አይባልም፤ «ፓቲና» ነው። ዝገት የድሃ ሰው ጠመንጃ ላይ የሚወጣ ሲሆን ፓቲና የሚያድገው መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በአሸዋ ወረቀት የነካው ሰው በሰብሳቢዎች ፊት የሚታየው ታቦት እንደደፈረ ሆኖ ነው፤ ዋጋውም ያኔውኑ ይወድቃል። የቀድሞው ባለቤት በየምሽቱ እንደ ሕፃን ልጅ እያገላበጠ ሲወለውለው፣ የዝገት ነጥብ ባየ ቁጥር እንቅልፍ ሲያጣ የኖረው ለካስ ንብረቱን እያጠፋ ነበር። ሁለተኛው ሐዘን የአስመጪው ማህተም ነው። ሕጉ ከ1898 በኋላ በተሠራው መሣሪያ ላይ የአስመጪው ስም እንዲቀረጽ ያዛል፤ ሰብሳቢዎች እነዚያን ደቃቅ ፊደላት ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ሦስት መንግሥት ያለፈበት፣ በየማህተሙ የተወቀረ፣ በሚስማር የተጠገነ ብረት በጥቂት ፊደላት «ተበላሸ»።

ከዚያ መተኮስ ይመጣል። የሰናድር ጥይት ዛሬ በየሱቁ አይገኝም፤ ስለዚህ ተኳሹ የ24 ቁጥር የናስ ቀለህ ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ ባሩድ መዝኖ፣ ሲመሽ ሃያ ጥይት ይዞ ከጋራዡ ይወጣል። በማግስቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረቀት ላይ ጨርሶ ይመለሳል። በምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያ የጠመንጃ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የሚገበያዩበት ገንዘብ ነበር። ለወረቀት ሃያ ጥይት የሚያቃጥል ሰው ያኔ ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

የዝገት ፍቅር ግን ለእውነተኛ አሮጌ ብቻ የተተወ አይደለም። «ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ» የተባለው ማኅበር ከ1987 ጀምሮ የካውቦይ ዘመን ልብስ የለበሱ ተኳሾችን ያወዳድራል። አባል የሚሆን ሁሉ ቅጽል ስም ማውጣት አለበት፤ ስሙ ከሌላ አባል ስም ጋር እንዳይጋጭ ይመዘገባል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማዕረግ ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም፤ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። እዚህ የጎደለው ፈረሱ ብቻ ነው። የዘንድሮው አባ ታጠቅ የሚመጣው በፒክአፕ ሲሆን፣ ሁለት ሽጉጥ፣ አንድ ጠመንጃና አንድ የአደን መሣሪያ በጋሪ እየገፋ፣ ወገቡን በዝናር አስሮ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የተገተረ ሰሌዳ ብረት ይገጥማል። ብረቱ አይሸሽም፣ አይተኩስምም። ደንቡ የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ120 ሜትር ገደማ እንዳያንስ ይላል፤ የጥንቱ ኮልት ጥይት ከዚህ በእጥፍ ያህል ይፈጥን ነበር። ብዙው ተወዳዳሪም እጁ እንዳይነዝረው ባሩዱን ቆንጥሮ ወደዚያው ወለል ይጠጋል። ፉከራው የዱር ምዕራብ፣ ምቱ የወንጭፍ ነው።

ሽጉጡስ? ቴክሳስ የተሠራ የሚመስለው ካለ ጀርባውን ገልብጦ ያንብብ። አብዛኛው የሚመጣው ከሰሜን ጣሊያን፣ ብሬሻ አጠገብ ካለው ቫል ትሮምፒያ ሸለቆ ነው። ፔዴርሶሊ በ1957፣ ኡቤርቲ በ1959 ተቋቁመው አሜሪካ በ19ኛው መቶ ዘመን የሠራችውን ኮልትና ዊንቸስተር እየቀዱ ለአሜሪካ ይሸጣሉ። ብሬሻ ደግሞ ቬተርሊ ከተሠራባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ አድዋ ላይ በሺህ የሚቆጠረው የተማረከው ያ ጠመንጃ ማለት ነው። ከተማዋ ጠመንጃ ለፊልም ካልሆነ ለጦርነት እንደማይበጃት በ1896 የተረዳች ይመስላል። የሸለቆው ረቀቅ ያለ ፈጠራ ግን ሌላ ነው፦ ትናንት ከማሽን የወረደውን ብረት አስረጅቶ፣ ቀለሙን አደብዝዞ፣ መቶ ዓመት በኪስ የተዞረበት አስመስሎ መሸጥ። እንዲህ ያረጀው ከአዲሱ ይበልጥ ውድ ነው።

ለዒላማ ጠመንጃ የተሳሉት ወገኖች በካውቦዮቹ ይስቃሉ። እነሱ የሚኮሩት በክሪድሙር ነው። በመስከረም 1874 ኒው ዮርክ ክሪድሙር ሜዳ ላይ የአሜሪካና የአየርላንድ ቡድኖች እስከ 1,000 ያርድ ርቀት ተፋለሙ። አየርላንዶቹ በአፈሙዙ የሚጎርስ ሪግቢ፣ አሜሪካኖቹ ከኋላ የሚጎርስ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው ነበር። አንድ አየርላንዳዊ አነጣጥሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የሰው ዒላማ መሐሉን መታ። ዜሮ ተሰጠው። አሜሪካዊው ኮሎኔል ቦዳይን ደግሞ ከመጨረሻው ተኩስ በፊት ጥሙን ሊያረካ የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ሲከፍት ፈንድቶ እጁን ቆረጠው፤ በደም እጁ ተኩሶ አገባ። ውጤቱ 934 ለ931። የዕለቱ ብቸኛ ቁስለኛ የጠርሙስ ቁስለኛ መሆኑ የስፖርቱን ክብር አይቀንስም። ሜዳው ከ1912 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ያገለግላል፤ ይህን የሚጠቅስ የክሪድሙር አፍቃሪ እምብዛም አይገኝም።

ኢንዲያና ውስጥ ፍሬንድሺፕ፣ ማለትም ወዳጅነት፣ የምትባል መንደር አለች። በ1933 የተቋቋመው በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብሔራዊ ማኅበር የሚታኮሰው እዚያ ነው። ሞንታና ፎርሳይት ላይ ደግሞ በ1990 ከወጣ የካውቦይ ፊልም ስሙን የወሰደ ውድድር አለ፤ ተኳሹ በጥንታዊ ሻርፕስ ከ700 ሜትር በላይ የቆመ የብረት ጎሽ ይመታል። እውነተኛውን ጎሽ የዚህ ጠመንጃ የመጀመሪያ ባለቤቶች ከብዙ ሚሊዮን ወደ ጥቂት መቶ አውርደውታል። ብረት መተካታቸው አርቆ አሳቢነት ነው፤ ብረት አያልቅም።

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ አሮጌ መሣሪያ «ፈተና» አለው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል፣ ከመቶ ሜትር በላይ ልብ ይጠይቃል። እውነት ነው። በመጋቢት 1936 ማይጨው ላይ ብዙ ኢትዮጵያዊ ዘማች ይህን ፈተና በገዛ እጁ ይዞት ነበር። የ1874 ሥሪት ውጅግራ ያኔ ዕድሜው 62 ነው። ሰማዩ ላይ አውሮፕላን፣ መሬቱ ላይ የመርዝ ጋዝ፣ ከጀርባው ደግሞ ብሪታንያና ፈረንሳይ ጦርነቱ ሳይጀመር ጥለውት የነበረው የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ነበር። በዛሬው ቋንቋ ዘማቹ የቅርስ ተኩስ ወዳድ ነበር ማለት ነው፤ የአባልነት መዋጮ ያልጠየቁት በቸርነት ነው። ምንሽር ሲያገኝ ውጅግራውን፣ መትረየስ ሲማርክ ምንሽሩን ወዲያ ማለቱ ግን ለፓቲና ደንታ እንደሌለው ያጋልጠዋል። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ዘመናዊ ጠመንጃ የቆለፈ ሰው ብቻ ነው አንድ ጎራሹን በፈተናነቱ የሚወደው።

እንበልና ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የቅዳሜ የጠመንጃ ትርኢት ላይ፣ ከጎንደር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አዛውንት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲያዘግሙ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ ውጅግራ አዩ። ሻጩ ስለ ተዋጊዎች ጀግንነት ረጅም ንግግር ጀመረ። አዛውንቱ አልሰሙትም፤ በአውራ ጣታቸው ጠፍሩን ጫን ጫን አድርገው በአማርኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ምን አሉ?» አለ ሻጩ።

«ጋሼ ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ አልታሰረም ነው የሚሉት» አለ ልጁ። «እርጥቡን ካልጠመጠሙት ሲደርቅ አይጠብቅም። ለዚህ ነው የላላው። ቆዳ ካለህ አሁኑኑ በነጻ አስርልሃለሁ፣ ዝገቱንም እጠርግልሃለሁ ይላሉ።»

ሻጩ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈው።