የማይቀብር እድር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤ ባለፈው ስንደዋወል «አዲሱ ሰፈራችሁ እንዴት ነው? ልጆቹስ ከማን ጋር ይጫወታሉ?» ብለው ሳልመልስልዎ ኔትወርኩ ጠፋ። እንኳንም ጠፋ። የዚህ ሰፈር ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም፤ ደግሞም የእድር ዳኛ ነዎትና ነገሩን በጽሑፍ ማየት ይገባዎታል።

ከዋሽንግተን ወጣ ብለን ይህን ቤት የገዛነው ለልጆቹ ብለን ነው። ደላላው ሲያዞረን «ለልጅ ማሳደጊያ ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም» አለን። ትምህርት ቤቱ ጥሩ፣ መናፈሻው ቅርብ፣ መንገዱም ጫፉ የተዘጋ ስለሆነ አላፊ መኪና የለበትም። አንዱንም አልዋሸም። ከገባን በኋላ ግን ልጅ አጣን። ዥዋዥዌው አለ፤ መንሸራተቻው አለ፤ «ልጆች ይጫወታሉ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ የሚጫወተው ልጅ ብቻ የለም። በኋላ ስንደርስበት ልጆቹ መኪና ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ወደ ዋና፣ አንዷ ወደ ፒያኖ፣ ሌላው ወደ እግር ኳስ ልምምድ እየተወሰደ። ሾፌሮቹ እናትና አባት ናቸው። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅዎ ሰው «ቀን ቢሮ፣ ማታ ታክሲ» ቢሉት ውሸት አይሆንም፤ ተሳፋሪዎቼ ባይከፍሉም።

ጨዋታም በቀጠሮ ነው፤ «ፕሌይ ዴት» ይባላል። ልጄ ከጎረቤት ልጅ ጋር ኳስ እንዲራገጥ እናቱ ለዚያኛው እናት ትጽፋለች፤ እናትየዋ የቀን መቁጠሪያዋን አይታ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ይመቸኛል» ትላለች። ቅዳሜው ሲደርስ ዝናብ ይጥላል። የልደት ጥሪ ወረቀት ደግሞ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማብቂያውንም ይናገራል፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። እንግዳን ሳይመጣ መሸኘት ማለት ይህ ነው። 10 ሰዓት ሊሆን ሲል አስተናጋጇ ከረሜላ የሞላ ትንንሽ ከረጢት ለየልጁ ታድላለች፤ የተሰጠው ልጅ ጫማውን ይፈልጋል። እኛ ለታናሹ ልደት ስንጠራ ማብቂያውን አልጻፍንም። ፈረንጆቹ በ10 ሰዓት ኮታቸውን ለብሰው ተነሡና ዶሮ ወጡ ሲቀርብ መልሰው አወለቁ። ሐበሾቹማ በ10 ሰዓት ገና መምጣታቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም ብላችሁ ወደ ውጭ አትለቋቸውም?» ይሉኛል። ጋሼ፣ ሕግ አለ። በሜሪላንድ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ይጠብቀው የሚባለውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የውጭውን ጉዳይ ደግሞ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነው ይረዱት። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2014 የ10 ዓመት ወንድምና የ6 ዓመት እኅቱ ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው በእግር ሲመለሱ ፖሊስ አስቁሞ በመኪና ወሰዳቸው። መንገዱ አንድ ማይል ገደማ ነበር። የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ወላጆቻቸውን መረመረ፤ ወሬው አሜሪካን አዳረሰ። በ2015 ወላጆቹ ነፃ ተባሉ፤ ስቴቱም ልጅ ጉዳት ወይም ከባድ አደጋ ከሌለበት በቀር ውጭ መጫወቱና በእግር መሄዱ ብቻውን ለምርመራ እንደማያበቃ አስታወቀ። እርስዎ ግን በ6 ዓመትዎ ጥጃ እየነዱ ቀሃ ወንዝ ይወርዱ ነበር አይደል? እዚህ ቢሆን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አያቴ ችሎት ቆማ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል፤ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶብስ። ቀለሙ በ1939 ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ የተመረጠ ነው፤ በማለዳ ድንግዝግዝ እንዲታይ፣ ጥቁሩም ጽሑፍ እንዲነበብበት። አውቶብሱ ቆሞ ቀይ መብራቱን ሲያበራና «ቁም» የሚለውን ሰሌዳ ከጎኑ ሲዘረጋ በሰፈራችን መንገድ ከኋላውም ከፊት ለፊቱም የሚመጣ መኪና ቀጥ ይላል። ጥሩምባ የለም፣ ስድብ የለም። የኔ ታናሽ ቦርሳውን እየጎተተ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የወደቀ እንጨት እያነሣ ሲሻገር ጠበቃውም፣ ሐኪሙም፣ የጭነት መኪናውም ሾፌር አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀዋል። ለሕፃን ሲባል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲቆም ያየሁት እዚህ ነው፤ ይህን አልነፍጋቸውም።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ ልግባ። እዚህ ሰፈር ቤት የገዛ ሰው ሳይጠየቅ አባል የሚሆንበት ማኅበር አለ፤ «ኤች ኦ ኤ» ይሉታል። ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ሊቀ መንበር አለው፣ ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው። ስሰማ «በቃ፣ እድር ነው!» ብዬ ደስ አለኝና ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅሁ። ድንኳን የለም። ድስት፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ ወንበር? የለም። ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋስ? የማኅበሩ ሴትዮ ፈገግ ብላ የመዋኛ ገንዳውን መክፈቻ ሰዓት ነገረችኝ። ጋሼ፣ እድሩ አይቀብርም! መዋጮው ለገንዳው፣ ለአትክልቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የበራችንን ቀለም ለሚመረምረው ኮሚቴ ነው። ባለቤቴ ለፋሲካ በራችንን ቃሪያ አረንጓዴ ብትቀባው በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። «ውድ ጎረቤታችን» ብሎ ይጀምራል፣ ለሰፈሩ ውበት ስላደረግነው አስተዋጽኦ ያመሰግናል፣ የተፈቀዱትን ቀለሞች ይዘረዝራል፤ ቅጣቱን ከስር በትንንሽ ፊደል ያስቀምጠዋል። የተፈቀዱት ሁሉም ግራጫ ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ይለያያል። እርስዎ ከቀብር የቀረውን እድርተኛ በስሙ ጠርተው በሰው ፊት ይቆጡታል፤ እሱ ሐዘን ሲደርስበት ግን ድንኳኑ ውስጥ አብረውት ያመሻሉ።

ሣሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አውራጃችን ሞንትጎመሪ ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳያድግ በሕግ ከልክሏል። እኛ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ሣር እዚህ ውኃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይበላል፣ ሲያምርበት ይታጨዳል፣ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ከብት የለ፣ ጉዝጓዝ የለ! በረዶ ከጣለም ካባራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደጃፋችን ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታችን ነው። ቅጠል የሚነፋውን የቤንዚን ማሽን እንኳ ከጁላይ 2025 ወዲህ ከልክለውታል፤ ይህስ ይባረክ፣ የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን መልሶልኛል። ሕጉን ሁሉ የሚንቀው አጋዘን ብቻ ነው። ሌሊት ይመጣል፣ የባለቤቴን ጎመን ግጦ ጤና አዳሙን ትቶ ይሄዳል። መዋጮ አይከፍል፣ ደብዳቤ አይደርሰው!

ይህ ሁሉ ንጽሕና መጀመሪያ ለማን እንደታሰበ ሳስብ ግን ሳቄ ይቀንሳል። በ1920ዎቹና ከዚያም በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲስፋፋ በብዙ የመሬት ውሎች ላይ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይገባ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ወሰነ፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የመጣው ግን በ1968 ነው። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በአማርኛ ይደርሰናል፤ መሐል ከተማውም በሐበሻ ምግብ ቤት ተሞልቷል። አሁን ቀለም የሚያነሡብን የበራችንን ብቻ ነው።

ደግ ጎረቤት ግን አላጣንም። በገባን ሰሞን ከፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት አንድ ሰሐን ኩኪስ ይዘው መጡ። ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ሆና ሰሐን ባዶውን ትመልስ? ድፎ ዳቦ ጭና መለሰችው። አሮጊቷ የፖም ፓይ ጭነው ላኩት። እኛ ቆሎ፣ እሳቸው ኬክ፤ በዐቢይ ጾም ቅቤው የሚንጠባጠብ ኬክ መጥቶ ከሕፃናቱ በስተቀር የሚነካው ጠፋ። ሰሐኑ በመጀመሪያ የማን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም። አሁን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡና ላይ ይገኛሉ፤ በረካውን ሳይጠጡ አይነሡም። የሚመጡትም ሳይደውሉ ነው፤ ማኅበሩ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ገና አላወጣም።

የጠፉትንም ልጆች በመጨረሻ አገኘናቸው። ጥቅምት 21 ማታ ሃሎዊን ነው፤ ደጁ ላይ መብራት ያበራ ቤት ሁሉ ከረሜላ ይሰጣል። መንገዱ በአጽም፣ በልዕልትና በሸረሪት ሰው ጢም አለ። ለካ ይህ ሁሉ ልጅ እዚሁ ኖሯል! የኔዎቹ እንደ ፈረንጅ ልጅ ከረሜላ ተቀብሎ መሄዱ ባዶ ሆነባቸውና ለቡሄ ያጠኑትን ሆያ ሆዬ በየደጁ ጨፈሩት። ዱላ ሊይዙ ሲሉ እናታቸው ከለከለቻቸው። ሦስተኛው ቤት ሲደርሱ አጽሞቹ ተቀባይ ሆነው ነበር።

ጋሼ፣ አውራጃችን ሞንትጎመሪ በፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እኅት ነው፤ በፊርማ የጸና ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእድሩ ጉባኤ ሲያነቡ የአውቶብሱን ያንብቡ፣ የሰሐኑንም ያንብቡ፤ የበር ቀለምና የሣር ቁመት የሚለውን ግን ይዝለሉት፤ ጸሐፊያችሁ ደንብ ማርቀቅ እንደሚወድ አውቃለሁ። የእኔንም ስም ከመዝገብ እንዳይሰርዙት። የዚህኛው እድር አይቀብርምና የመንፈቁን መዋጮ በእኅቴ በኩል ልኬያለሁ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡልኝ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ