ቀንድ አውጣዋ

ብረት ቅጥቀጣ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ክንዴን ያያል፤ ከዚያ በጨዋነት ወሬ ይቀይራል።

የዚያን ሰሞን ትምህርታችን የቤት ዕቃ መንደፍ ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «መጀመሪያ የሚገለገልበትን ሰው ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ ማንንም ሳልጠይቅ ለእናቴ የከሰል መቆስቆሻ ነደፍኩ። እጀታው እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፣ የእጀታው ጫፍ ቀጥኖ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ። በጣም አማረልኝ። ፈረምኩበት።

ከምናለሽ ተራ ባለ 12 ፌሮ ገዝቻለሁ። «ጫፉን 10 ሳንቲ ሜትር ለክተን 6 ሚሊ ሜትር እስኪሆን እናቀጥነዋለን። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ርዝመቱ እጥፍ፣ 20 ይሆናል» አልኩ።

ከኋላ አንዲት ተማሪ ጭቃ በመዳፏ እያድቦለበለች ነበር። «ቲቸር፣ ይኼ እኮ አራት እጥፍ ሆነ።»

«ብረትና ጭቃ አንድ አይደለም» አልኳት፣ ረጋ ብዬ።

አንድ ነው። ቀጥቅጠን ስንለካው 40 ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ በሒሳቡ መሳቅን ግን አልከለከሉም።

«ለምን አንቆርጠውም?» አለች ያቺው ልጅ። «ጥበብ አይቆረጥም» አልኩና ሁሉንም ጠቀለልኩት። ቀንድ አውጣዋ የስኒ ማስቀመጫ አከለች። እስከዚያ «ብረት ቅላቱ ጠፋ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አይደለም» እያልኩ አስተምር ነበር። ይህን ብዬ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቆስቆሻውን በባዶ እጄ ብድግ አደረግኩት። ወዲያውም ቁጭ አደረግኩት። ተማሪዎቹ ማስታወሻ ሲይዙ አየሁ።

እናቴ መርቃ ተቀበለችኝ። በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልታ ብድግ ስትል ቀንድ አውጣዋ የነጠላዋን ዘርፍ ያዘች። እናቴ ተነሣች፤ መቆስቆሻው ተከተላት፤ ፍም መቆስቆሻውን ተከተለ። ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ስድስት ስኒዎች አራቱ ተርፈዋል። አሁን መቆስቆሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሰሉን በጎባጣው አሮጌ ፌሮዋ ነው የምትቆሰቁሰው። እንግዳ «ይኼ ምንድን ነው?» ሲላት «ልጄ የሠራው ነው» ትላለች። እንግዳው መልስ እንዳላገኘ ሁለታቸውም ያውቃሉ።

ባለ ጭቃዋ ልጅ አያቷን ጠይቃ መቆስቆሻ ሠርታ መጣች። ቀጥ ያለ፣ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ሚስማር የምታስገባ ትንሽ ቀለበት ያለው። ምንም አይወጣለትም። ከአሥር ስምንት ሰጠኋት።

«ሁለቱ በምን ተቀነሰ?» አለችኝ።

«አልፈረምሽበትም።»