ቁስቋምን በግማሽ ሰዓት

ኧረ ሰለቸኝ! ጎንደር እንግዳ በመጣ ቁጥር ያው ነው። ጠዋት ፋሲል ግንብ ይገባሉ፤ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሲሉ ይውላሉ፤ ምሳው ይረዝማል፤ ቡናው ይደገማል። ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል «እስቲ ቁስቋምንም አየት አድርገን እንምጣ» ይባላል። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፤ ሞተሩን ሳያጠፋም ይጠብቃል። ሮጥ ሮጥ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ክላክስ ሲጮህ ቁልቁል።

ተዉ እንጂ! ቁስቋም አየት የሚደረግ ቦታ አይደለም። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ከነገሡ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ከመሃል ከተማው ርቀው ከዚያ ከፍታ ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ኖረውበት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በፈንጣጣ የታመሙ የመኳንንት ልጆችን ያከመው እዚያው ነው። የቀድሞውን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1888 የሱዳን ደርቡሽ አጠፋው፤ ዛሬ የምትሳለሙት በኋላ የተሠራውን ነው። ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ያልቃል?

ደግሞ አመጣጣችን! ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ድንጋይ ለድንጋይ የምትንገዳገደውን እህት ስንቴ ደግፌ አወረድኩ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነውና ነጠላ ያዙ፤ በር ላይ ደርሶ ከሰው ነጠላ መዋስ ምን ያህል ያሳፍራል! ዝርዝር ብር ያዙ፤ ባለ ሁለት መቶውን ዘርግታችሁ መልስ ስትጠብቁ ጊዜው ያልቃል። ውኃም ያዙ፤ ግን ባዶውን ኮዳ ይዛችሁት ውረዱ። የግንቡን ቀዳዳ ሁሉ ማን ነው የኮዳ መወተፊያ ያደረገው?

የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያው ቁስቋም በመስታወት ሳጥን አርፏል። አፅም ፊት እየተሳሳቁ ሰልፊ መነሳት ከየት የመጣ ነው? ለቅሶ ቤት ገብታችሁ እንዲህ ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ፍቀዱልን በሉ፤ ካልተፈቀደም እጃችሁን ሰብስቡ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የስም ነገር ነው። ጣሪያ ከሌለው ከቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ ተቀርጾ የወጣ መስቀል አለ። ባለፈው ጥምቀት አንድ ጎረምሳ ከዚያ መስቀል ሥር በቁልፍ ጫፍ ስም ሲፍቅ ደረስኩበት።

«ምን እያደረግክ ነው ልጄ?» አልኩት።

«ማስታወሻ ነው እማማ» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

የድንጋዩ ቀይ ዱቄት ጫማው ላይ ረግፏል። ደርቡሽ ያተረፈውን ግድግዳ የእኛው ልጅ በቁልፍ ሲፍቀው ዝም ብዬ እንዴት ልለፈው? የጀመራትን ፊደል ሳይጨርስ ቁልፉን አስጣልኩት።

እባካችሁ፣ ጠዋት ኑ። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጉልበታችሁም ሳይዝል መጀመሪያ ቁስቋምን፣ ከዚያ ፋሲልን። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተራራውን ሲሞላው ማየት የፈለገ የጽጌ ጾም ሲፈታ ኅዳር 6 ይምጣ፤ ግንቡን በጸጥታ ማየት የፈለገ ደግሞ ሌላ ቀን ይምረጥ። የሚያስረዳችሁን ሰው ፈልጉ፤ ሲያስረዳችሁም ስልኩን አስቀምጡና ስሙት። ባጃጁንም ሂሳቡን ከፍላችሁ ሸኙት። ቁልቁለቱን በእግር ትወርዱታላችሁ።